ቦርዱን አልነቅልም

አቃቂ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስ ነኝ። የአንዱ የሽመና ማሽን መቆጣጠሪያ ቦርድ ተቃጥሎ፣ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ማሽኑ ሲቆም፣ ሌላ ቦርድ ራሴ ሠራሁለት። ማሽኑ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከቦርዴ ላይ ሞተሩን የሚያዘው ቺፕ ተቃጠለ። ቀየርኩት፤ ደግሞ ተቃጠለ።

የጥገና ኃላፊያችን ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ንቀይው!" አሉኝ። "ይሄ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት አይደለም። የውጭውን እንጠብቃለን።"

"አልነቅልም" አልኳቸው። ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። "ቺፑን የሆነ ነገር እየገደለው ነው። ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልነቅልም።"

"እስከ ነገ ከሰዓት ነው እንግዲህ" ብለው ሄዱ።

ማሽኑ በቆመ ቁጥር ጽዳት ላይ የሚመድቧት ኦፕሬተር ከእኔ ብሳ ተናዳለች። "ስሚኝ እህቴ" አለችኝ፣ "ሳስነሳው ደህና ነው። ሳጠፋው ነው የሚበላሸው።"

አዲስ ቺፕ ተክዬ፣ የቮልቴጁን ውጣ ውረድ በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ ትእዛዙ ከሚወጣበት የቺፑ እግር ጋር አገናኘሁና "በይ አጥፊው" አልኳት። ሞተሩ ሲጠፋ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዜሮ ላይ አልቆመም፤ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ ከዜሮ በታች ወረደ። ከቺፑ የሚወጣው ረጅም ሽቦ ከሞተሩ ኬብል ጋር ተጠጋግቶ ስለተዘረጋ፣ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ረብሻ እየተቀበለ ወደ ቺፑ ይመልሰዋል። ቺፑ ደግሞ መውጫው ላይ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ አይችልም።

ማታ የቃሊቲ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ስሄድ የማስበው ያንን መርፌ ብቻ ነበር።

ጠዋት ከመውጫው እግር ወደ ግራውንድ፣ ወደ ዜሮው መስመር ማለት ነው፣ አንድ ፈጣን ዳዮድ በየድኩ፤ ቮልቴጁ ከዜሮ በታች ሊወርድ ሲል ከረንቱ በቺፑ ሳይሆን በዳዮዱ እንዲያልፍ። ሽቦው ላይም ረብሻውን የሚያዳክም ትንሽ ሬዚስተር አስገባሁ። ኬብሎቹንም አራራቅኳቸው።

ኃላፊው ከሰዓት ፒንሳ ይዘው መጡ።

"መጀመሪያ እርስዎ ራስዎ ያጥፉት" አልኳቸው።

አጠፉት። አስነሱት። እልህ ይዟቸው ደጋግመው አጠፉት። ቺፑ ምንም አልሆነም። ኦፕሬተሯ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።

"የውጭው ሲመጣ ይነቀላል" አሉ በመጨረሻ።

"ሲመጣ እንነጋገራለን።"

መጣ። ከነካርቶኑ መጋዘን ተቀምጧል። እሳቸው የእኔን ቦርድ አሁንም "ጊዜያዊ" ይሉታል። ይበሉት። ለጎረቤቱ ማሽን የሚሆነውን ጀምሬያለሁ፣ ዳዮዱን ከመጀመሪያው አስገብቼ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ።