አሚቾ ያልጠገነው

በልጅነቴ እግሬን ከተሰበርኩ ወዲህ ዛሬ ገና ሶምሶማ ጀመርኩ። ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ግቢ አጠገብ ሳልፍ የሚቀቀል የእንሰት ሥር፣ አሚቾ፣ ሸተተኝና ደሜ ፈላ።

ልጅ ሳለሁ ቡታጅራ ይኸው እግሬ ተሰብሮ፣ አክስቴ ለአጥንት የሚሆን እንሰት አስቆፍራ፣ አሚቾውን ቀቅላ በወተት እያበላች አዳነችኝ። ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ የስፖርት መምህሩ ስሜን ከሯጮቹ ሰርዞ ፊሽካ ሰጠኝ።

«ከእንግዲህ ሩጫ ይቅርብሽ፤ ዳር ቆመሽ ንፊ!»

«እሺ» ብዬ ፊሽካውን አንጠልጥዬ ቤት ገባሁ። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ በገነች።

«እግርሽንስ ጠገንኩት፤ እሺ ለሚለው አፍሽ ምን ልቀቅልለት?»

ያኔ የምግብ ነገር መስሎኝ ነበር።

ዛሬ አንድ ባለባጃጅ አጠገቤ ቆሞ፣ «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ሩጫ? ይልቅ ይግቡ፣ ላድርስዎ» አለኝ።

«እምቢ!» አልኩት። ይቺን ቃል ለማውጣት አርባ ዓመት መፍጀቴ ነው የሚያንገበግበኝ።