የነሐስ ጥርስ

የትነበርሽ መፍቻ የጨበጠችው መካኒኩ ባሏ አድማሴ ከታመመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጎንደር፣ አዘዞ ገበያ ሽንኩርት ትነግድ ነበር። አድማሴ ሳንባው ተጎድቶ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው፣ እዚያው አዘዞ ባለው ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትፈታለች። መጀመሪያ ብሎን፣ ቀጥሎ ካንዴላ፣ በኋላ ሙሉ ሞተር። ሲሞት ደንበኞቹ ጋራዡ የሚዘጋ መስሏቸው ነበር። የአርባው ተዝካር ባለፈ ማግሥት በሩን ከፈተች። ብዙዎቹ «ሴት ሞተሬን አትነካም» ብለው ሄዱ። የቀሩት ያረጀ የቤንዚን ማኪና ያላቸው ነበሩ፤ እነዚያን የሚታገሥ ሌላ መካኒክ በከተማው እምብዛም አይገኝም።

ከቀሩት አንዱ ወንዴ ነው። የዳባት ሰው ነው፤ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያላት አሮጌ ማኪና አለችው። በደህናው ጊዜ ገበያተኛ ያመላልስባታል። በጸጥታው ችግር መንገዱ መዘጋት ከጀመረ፣ አምቡላንስም ከጠፋ ወዲህ፣ ከደጋው ቀበሌዎች በሽተኛ ወደ ጎንደር የሚያወርደው እሱ ሆነ። አቀበቱ ሲያስቸግራት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለውድድር ማኪና የተሠራ፣ ካምሻፍት የሚሉትን የሞተር ዘንግ አስገጠመላት። ጉልበት አገኘች። ግን ብዙም ሳትቆይ ታስነጥስ፣ ዳገት ላይ ትለግም ጀመር፤ ወደ የትነበርሽ አመጣት።

ካንዴላ ቀየረች፣ ካርቡራተር አጠበች፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ነቅላ ከሥሩ ያለውን፣ ካምሻፍቱ የሚያዞረውን ጊር አየችው። ጥርሶቹ እንደ ቢላ ተስለዋል።

«ይኸውልህ» አለችው። «ይኼ ጊር ለድሮው ካምሻፍት የተሠራ ነው። ያሁኑ ጠንካራ ብረት ነው፤ እየፈጨው ነው።»

«ታዲያ ጠንካራ ጊር አድርጊበታ!»

«ያኔ ደግሞ ጊሩ ካምሻፍቱን ይበላዋል። ሞተሩን ሙሉ ማውረድ ይመጣል።»

ሁለቱ ሳይበላሉ የሚኖሩበት ጊር የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። አዘዘች። ግን ዕቃ ጎንደር የሚገባበት መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። እስከዚያው ከነሐስ አስቀርጻ ልትገጥምለት ወሰነች። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ካምሻፍቱን ሳይጎዳ ራሱ ያልቃል። ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዳ ሁለት አሠራች፤ አንዱን ገጠመች፣ ሌላውን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች።

«ስማኝ ወንዴ፣ ዘይት በቀየርህ ቁጥር ተከፍቶ ይታይ። ዘይቱም ቀጭን ይሁን። የዘይቱን ፓምፕ የሚያዞረው ይኸው ጊር ነው፤ ወፍራም ዘይት በጠዋት ብርድ ሲረጋ ጥርሱን ያስጨንቀዋል።»

«ሸጋ፣ የትኔ። እንዳልሽው አደርጋለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ በጎንደርና በዳባት መካከል መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም ጠፋ። ወንዴ ግን አላረፈም፤ በየገጠሩ የሚጠራው በሽተኛ ነበረና ማኪናዋን ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ሲነዳ ከረመ። ቀጭኑ ዘይት ሲያልቅ ያገኘውን የከባድ ማኪና ዘይት ጨመረበት። መንገዱ መከፈቱ በተሰማ ጠዋት የትነበርሽ ሁለተኛውን ጊርና የእጅ መሰርሰሪያዋን በቦርሳ ይዛ ወደ ሰሜን በሚያልፍ ሚኒባስ ዳባት ገባች።

ማኪናዋን ከነወንዴ ግቢው ውስጥ አገኘቻት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስባ ወደ ፀሐይ ዘወር አደረገችው። ዘይቱ ውስጥ ቢጫ ብናኝ ያብለጨልጫል።

«የነሐሱ ጊር አልቋል። አሁኑኑ መቀየር አለበት» አለችው።

መፍቻዎቿን ስትዘረጋ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በሩን ገፍተው ገቡ። ቃሬዛው ላይ የተኛው ምንዳዬ የሚባል ገበሬ ነው፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ሚስቱ እናኑና ወንድሙ ፋንታሁን ከጎኑ ናቸው። ጤና ጣቢያው አንጀቱ መጠምዘዙን፣ ጎንደር ደርሶ ቀዶ ጥገና ካላገኘ እንደማይተርፍ ነግሯቸዋል።

«አያ ወንዴ፣ ድረስልን!» አለ ፋንታሁን።

ወንዴ የትነበርሽን አያት።

«ማኪናዋ ታማለች» አለች። «ትንሽ ታገሡኝ። ጎረቤት ሞርሳ አለ፣ ብረቱን አስሬ ቶሎ እጨርሰዋለሁ።»

«ምነው እታለም! ሰው እየሞተ ማኪና ትፈቻለሽ? ቆማ አይደለም፣ ስትሄድ ነው የከረመችው!» አላት ፋንታሁን።

እናኑም «ስለ ማርያም፣ እንሂድ» አለች።

የትነበርሽ ምንዳዬን አየችው። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ ሰማይ ላይ ተተክሏል። ዘይቱ ውስጥ ያየችው ነገር ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ግቢ በደንብ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ግን ከዚህ የባሰ ጥርስ ይዘው ወራት የሄዱ ማኪናዎችም ታውቃለች። ጎንደር ድረስ ያደርሰን ይሆናል ብላ አሰበች።

«ጫኑት» አለች። ቦርሳዋን ይዛ እሷም ገባች።

ወንዴ ቀስ ብሎ ነዳ። አምባ ጊዮርጊስን አለፉ። ምንዳዬ ያቃስታል፤ እናኑ ላቡን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ከከተማው ወጥተው አንድ ዳገት ሲጀምሩ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ጸጥ አለ።

«ቁልፉን አውጣው! ዘይት አይዞርላትም፣ እንዳታስነሳት!» ብላ ጮኸች የትነበርሽ።

መንገዱ ገና መከፈቱ ነውና የሚያልፍ ማኪና የለም። ወንዴ ሌላ ማኪና ፍለጋ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሮጠ። እሷ ዲስትሪቢዩተሩን ነቀለች። የጊሩ ጥርሶች ጨርሰው ሄደው ልሙጥ ቀለበት ሆኗል።

አሮጌውን አወጣች። አዲሱ ጊር ከዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ጋር በፒን የሚታሰርበት ቀዳዳ ገና አልተበሳም፤ ልኩ የሚገኘው እዚያው ዘንግ ላይ ተለክቶ ነው። የፀጉር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ይነክሳል። ሞርሳ ስለሌለ ድንጋይ ላይ አስደገፈችውና እናኑን «ያዥልኝ» አለቻት። እናኑ ከማኪናው ወርዳ ዘንጉን በሁለት እጇ ጨብጣ ተንበረከከች። የትነበርሽ መሰርሰሪያውን ታዞራለች። ነፋሱ ጣቷን አደንዝዞታል። ትለካለች፣ ታወጣለች፣ ቀጭን ሮንዴላ ትጨምራለች፣ እንደገና ትለካለች።

ፋንታሁን ከላያቸው ቆሞ «ዝም ብለሽ ምቺና አስገቢው!» ይላል።

«ያለ ልኩ ከገባ እዚያ ኩርባ ሳንደርስ ይሰበራል። ሌላ የለኝም።»

«እያሾፍሽብን ነው!»

መሰርሰሪያውን ማዞሯን ቀጠለች። ከማኪናው ውስጥ የምንዳዬ ማቃሰት ይሰማ ነበር። መቆሙን መጀመሪያ ያስተዋለችው እናኑ ናት።

«ፋንታሁን፣ ግባና እየው» አለች።

ፋንታሁን ገባ። ወዲያው ጩኸቱ ሜዳውን ሞላው። የትነበርሽ መሰርሰሪያውን አቆመች። እናኑ ዘንጉን አለቀቀችም። እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠባል።

«ጨርሺው፣ እታለሜ» አለች። «ቤቱ እናድርሰው።»

ወንዴ ማኪና አጥቶ፣ ላብ አጥምቆት ሲመለስ ጊሩ ገብቶ ነበር። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ፤ ድምፁ ንጹሕ ነው። የትነበርሽን ያን ድምፅ መስማት አስጠላት። ማኪናዋን አዙረው አስከሬኑን ይዘው ተመለሱ።

ከቀብሩ ሳትቀር ዳባት ሰነበተች። ፋንታሁን በለቀስተኛው ፊት «ወንድሜን የጨረሰችው ይቺ ናት» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ከእናኑ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ቀለል ሲል እናኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«መጀመሪያ ቀይረሽው ቢሆን ይደርስ ነበር?»

«ከሐኪም እጅ ይደርስ ነበር። ይድን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

«እኔም እንሂድ ብያለሁ።»

«አንቺ ስለ ጊሩ የምታውቂው የለም። የማውቀው እኔ ነበርሁ።»

እናኑ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

የታዘዘው ጊር ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደረሰ። የትነበርሽ ለወንዴ ማኪና ገጠመችው፤ እስካሁን አላስቸገረም። ወንዴ በሽተኛ ማመላለሱን ቀጥሏል፤ ያን ዳገት ሲወጣ ግን ከሰው ጋር አያወራም። እሷም የተጠራጠረችውን ማኪና ፈቅዳ ከጋራዥ አታስወጣም። በቅርቡ አንድ ጎልማሳ እናቱ ኮላ ድባ ላይ ታማበት ማኪናውን እንድትሰጠው ለምኗት፣ ስትከለክለው ሰድቧት ነድቶ ሄደ። ደርሶ ይሁን ቀርቶ አልሰማችም።

ፋንታሁን ሰኞ ሰኞ እህል ይዞ አዘዞ ይመጣል። ጋራዡ ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል። እሷ ታየዋለች፤ አትጠራውም።