አቤት ያላሉት ሳጥኖች

ሥራህ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ሳጥን እጠራለሁ፣ ሳጥኑ «አቤት» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እውነቴን ነው። ዕቃው ላይ ባትሪ የሌላት ስስ መለያ እለጥፋለሁ፤ በር ላይ የተከልኩት ማሽን የሬዲዮ ሞገድ ሲልክባት ቁጥሯን ትመልሳለች። በቃ፣ ስም ጥሪ ነው።

አንድ የዓሣ ማኅበር «ከጫሞ ሐይቅ የምንልከው ሳጥንና ከተማ ውስጥ ሲቀላ ሰፈር መጋዘናችን የሚገባው ዓሣ አልመጣጠን አለን፤ መንገድ ላይ ሳጥን እየተሰረቀ ነው» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። በየሳጥኑ ጎን፣ ከላይ በኩል፣ መለያ ለጠፍኩ። መጋዘኑ በር ላይ ማሽን ተከልኩ። ቢሮዬ ውስጥ ስሞክራቸው አንድም ሳይቀር አቤት ብለውኛል። «በሉ፣ የምትቆጥሩበትን ደብተር ተዉት!» አልኳቸው። ምን አስቸኮለኝ!

በሳምንቱ ማሽኑ ፈረደ። የሌሎቹ አሻጊዎች ሳጥን በሙሉ ደርሷል፤ የአንዲት እናት ግን አብዛኛው «አልደረሰም»። እኚህ የጋሞ እናት ጫሞ ዳር ዓሣ ሲያሽጉ የሸበቱ ናቸው። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ «ከቅዳሜ ጀምሮ እንዳይመጡ» ብሎ ሪፖርቱን እንድፈርም ሰጠኝ። እኔ፣ አፈር ልብላ፣ ፈረምኩ።

ሐሙስ ማታ እናቲቱ መልእክት ላኩብኝ፦ «ያ ማሽን የተከለው ልጅ መጥቶ ዓይኔን እያየ ሌባ ይበለኝ።» አርብ ጠዋት እየፈራሁ ጫሞ ዳር ወረድኩ።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ ያሽጋሉ። በረዶ፣ ዓሣ፣ በረዶ፣ ዓሣ፤ በመዳፋቸው ጫን ጫን እያደረጉ እስከ አፉ ድረስ። ጎረቤቶቻቸውን አየሁ። ሥራቸው የሚቆጠረው በሳጥን ነውና ግማሽ ሞላ ሲል ክዳኑን ግጥም!

ያን ጊዜ ገባኝ። ውሃ የሬዲዮ ሞገድ ይውጣል። በረዶ ውሃ ነው፣ ዓሣም ያው ውሃ ነው። ይህን የማያውቅ የሙያ ጓደኛ የለኝም፤ እኔ ጉደኛው ግን የሞከርኩት በባዶ ሳጥን ነበር።

በእጅ የሚያዘውን ማንበቢያ ወደ ሳጥናቸው አስጠጋሁ። ዝም።

«እማማ፣ እስቲ ከመለያዋ ኋላ ያለውን ያንሱልኝ።»

አነሱ። ጢጥ! መልሰው ሞሉት። ዝም።

«ታዲያ የሚጮኸው ባዶ ጣሳ አይደል?» አሉ። «ይህን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?»

ሥራ አስኪያጁን አስጠርቼ ፊቱ ደገምነው። «እንግዲያው እነዚያ አቤት ሲሉ የከረሙት...» ብሎ ዞር ሲል፣ አሻጊዎቹ ሁሉ ሐይቁን አይተው የማያውቁ ይመስል ወደ ውሃው አፈጠጡ። ለካ የተሰረቀ ሳጥን የለም፤ መጀመሪያውኑ ያልሞላ ሳጥን ነው የነበረው። የእኔ ሪፖርት ደግሞ አጉዳዮቹን ሁሉ አመስግኖ አንዷን ሐቀኛ ከስሷል።

በኋላ መለያዎቹን ከሳጥኑ ፈንጠር የሚያደርግ ደረቅ ቀርከሃ ከዶርዜ አስመጥቼ ነገሩን አስተካክያለሁ። ያን ቀን ግን በጣም ነው ያፈርኩት። እርጥብ ሣር ነጨሁና፣ እንደ አገሩ የይቅርታ ደንብ በሁለት እጄ ይዤ፣ እማማ ፊት ውሃ ያቆረው ጭቃ ላይ ተንበረከክኩ። ከዚያ ሣሩን ከእጄ ተቀበሉ።

«ተነስ ልጄ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ አለኝ» አሉ። «አንተም እዚያ ውሃ ላይ አትቆይ፤ ኋላ ስትጠራ አቤት ማለት ያቅትሃል።»