የቆለፍነው ምንጭ

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ለቡ መብራት ኃይል የውሃ ቦቴ መጥቶ ተሰልፈን ነበር። ቧንቧችን ከደረቀ አሥረኛ ቀኑ ነው። ከፊቴ አራት ልጆች ያስከተለች ሴት ስድስት ጀሪካን ደርድራለች። ከኋላዬ ያለ ጎረምሳ፣ "መውለድ ብቻ! ውሃው ከየት ይምጣ?" አለ። ደሜ ፈላ። የተናደድኩት ግን በእሱ ብቻ አይደለም። በአሥራ ሰባት ዓመቴ እኔ ከዚህ የከፋ ተናግሬአለሁ።

ያኔ እዚሁ ሰፈር ዳገቱ ላይ የነበረው ጥቂት ቤት ነው። ከሥሩ ሦስት ኩሬ የሚሞላ ምንጭ ነበር። ላይኛው ኩሬ የሚጠጣ፣ መካከለኛው ልብስ የሚታጠብበት፣ ታችኛው የከብት። ማንም ሳይጽፈው ሁሉም ያውቀዋል። መስከረም ላይ ውሃው ጥርስ ያደነዝዛል፤ የበዓል ቄጤማ የምናጭደውም ከዳሩ ነበር።

ከዚያ ሰው መጣ፤ ለፋብሪካው፣ ለግንባታው፣ ለጉልቱ። አባዬም እንደ ጎረቤቶቹ የጓሮውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ሰባት የጭቃ ክፍል በተርታ ሠራና አከራየ። ለሰባቱም አንድ ሽንት ቤት አስቆፈረ፣ ያውም ከላይኛው ኩሬ ዝቅ ብሎ፣ ከመካከለኛው በላይ። ፍሳሹ ወደ ኩሬው እንደሚሰርግ ልብ አላልነውም ብዬ አልዋሽም። ልብ ብለነዋል፤ ዝም አልን። በበጋ ምንጩ ሲቀንስ ደግሞ የቤት ባለቤቶቹ ተሰብስበው ላይኛውን በቆርቆሮ ከደኑና ቆለፉት። "ተከራይ ከመካከለኛው ይቅዳ" ተባለ። ቁልፉ የሚንጠለጠለው እኔ አንገት ላይ ነበር። አቤት ኩራቴ።

አስካለ ከተከራዮቻችን አንዷ ናት። ባሏ ግንበኛ ነው፤ አምስት ልጆች አሏቸው። መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ጀሪካን ይዛ መጣች።

"የኔ እህት፣ ዛሬን ብቻ ከላይኛው ልቅዳ። ትንሹ ሲያስቀምጠው አደረ።"

"ላንቺ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው።"

"በኩባያም ቢሆን።"

"ታዲያ ማን ውለጂ አለሽ?" አልኳት።

አየችኝ። ጀሪካኗን አንስታ ወደ መካከለኛው ወረደች። ጎንበስ ብላ ስትቀዳ ቆሜ አየኋት።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገና መሄድ መጀመሩ ነበር። ጎረቤት ሁሉ "የሰጠ አምላክ ወሰደ" ይላል፤ አባዬም ራሱን ይነቀንቃል። የለቅሶውን ንፍሮ እኛ ቤት ቀቀልን። ላይኛውን እኔው ከፍቼ አራት ጀሪካን ሙሉ ቀዳሁ፤ አንድ ሰው እንኳ "ውሃው ያልቃል" አላለም። ለሕፃኑ በኩባያ እንኳ የተነፈገው ውሃ ለለቀስተኛ ተረፈ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ምንጩ የለም፤ ፎቅ ቆሞበታል። ሰው በዝቷል፣ አልክድም። መሬቱም አልሰፋ፣ ምንጩም አልተዋለደ። ግን እኛ ቤት ዘጠኝ ልጆች ነበርን፤ እናቴን ማን ውለጂ አለሽ ያላት የለም። ቁልፉ እኛ ቤት ነበራ። በዛ የሚባለው ሁልጊዜ የሌላው ልጅ ነው። ቅዳሜ ሰልፉ ላይ ጎረምሳውን ዞሬ ልክ ልኩን ልነግረው አሰብኩ፤ ግን በምን አፌ?

አስካለ ዛሬም እዚሁ ሰፈር አለች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉንጬን ስማ የልጆቼን ደህንነት እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራች ትጠይቀኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት የሞተውን ልጇን ስም አንድ ቀን እንኳ ፊቷ ጠርቼ አላውቅም። ታምራት ነበር።