ሰፊው ፊልም ላይ የቆሙት አራት ልጆች

«አባዬ አረፈ» አለችኝ የጋሽ መኩሪያ ልጅ ማርታ፣ ጠዋት በስልክ። ዘጋሁት። መልሼ ደወልኩ፣ ሌላ ነገር ትለኝ እንደሆነ። ያንኑ ደገመችልኝ።

ልደታ ያደጋችሁ ጋሽ መኩሪያን ታውቋቸዋላችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኒማ ቤት፣ ማሽን ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጫውቱ የኖሩ ሰው። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ መጀመሪያ ያወጡት ዕቃ አንድ ክብ ቆርቆሮ ነበር።

ውስጡ ሁለት ቁራጭ ፊልም አለ። ድሮ ፈረንጆች መጥተው ልደታ ማርያም ደጃፍ የቀረጹት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ። አንዱ የተለመደው ጠባቡ ነው፣ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር። ሌላው እጥፉ፣ ሰባ። ሰፊውን የሚያጫውት ማሽን እኛ ጋ አልነበረም፤ ካሜራ ማኑ ለማስታወሻ ቆርጦ ሰጣቸው።

አንድ ቀን ሁለቱንም መስኮት ላይ ይዘው በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። በጠባቡ፣ ከኋላ የቆሙት ፊት የላቸውም። ነጠብጣብ ናቸው። በሰፊው አራት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ፀሐይ ወግቶት ዓይኑን አጥብቧል።

«ጠባቡ ሕዝብ ያሳይሃል፤ ሰፊው ሰው ያሳይሃል» ይሉ ነበር።

ከአራቱ አንዱ ታናሽ ወንድማቸው ሰይፉ ነው። ከተቀረጸ ብዙም ሳይቆይ ከቤት ወጣ። አልተመለሰም። እናታቸው ፍተሻ ፈርተው ፎቶዎቹን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተቱ። የቀረው ይሄ ብቻ።

«አየኸው?»

«የቱ ነው ጋሼ?»

«ይሄ ነዋ! ደራሲ ነኝ ትላለህ፣ ዓይን የለህም እንዴ?»

ጥፍራቸው አራቱንም ሸፈናቸው። ደግሜ እንዳልጠይቅ ይሉኝታ ያዘኝ።

«አየሁት» አልኩ። ደስ አላቸው።

ያኔም ቆርቆሮው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር። ፊልም ሲበላሽ እንደዚያ እንደሚሸት አውቅ ነበር። እሱንም አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ማርታ ቆርቆሮውን አመጣችልኝ። «ለለቅሶው የአጎቴን ፎቶ ከአባዬ ጎን ልናቆም ነው። የትኛው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ ብሎኛል።» ነገ ጠዋት እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ከፈትኩት። ቤቱ በሙሉ ሸተተ። ጠባቡ ተጣብቆ ደርቋል። ሰፊው ዳር ዳሩ ተኮራምቷል፤ መሐሉ ገና ደህና ነው። አራቱም ጥርት ብለው ያዩኛል።

ማርታ፣ ፊትሽን እያየሁ መናገር አልችልም። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አውቄም አላውቅም።

ጋሽ መኩሪያ፣ ይቅር ይበሉኝ። አራቱንም እናሳትማቸዋለን። ሰይፉን እዚያ ካገኙት፣ የቀሩት ሦስቱ የማን ልጆች እንደነበሩ ይጠይቁልኝ። ደህና ይሁኑ።