ጣሊያኗን የተሸከሙ እጆች

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለሌላው ሰው የጋራዥ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን እራት ሊቀርብ ሲል የነበረው ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎሮ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ፣ ቦዲ ሠሪው ዘይት የጠጣ ጨርቁን ባልዲ ላይ ሲጨምቅ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ፤ እጄም ማንም ሳያዝዘው ቀሚሴን ወደ ጉልበቴ ሰበሰበ። ልጅ ሆኜ ጨርቁን ከአባቴ ከመቀበሌ በፊት እንዲህ አደርግ ነበር፤ ቀሚሴን ዘይት ከነካው እማዬ አትምረኝም ነበርና። ዛሬ እማዬ ዓይኗ ደክሟል፣ ቀሚሴ ላይ ያለውን አታይም፤ ጨርቁን የሚያቀብለኝም የለም።

ፊት ለፊቴ የቆመችው የአባቴ መኪና ናት። በፋብሪካ ስሟ ጠርተናት አናውቅም፤ ጣሊያን አገር ስለተሠራች ቤተሰቡም ሰፈሩም «ጣሊያኗ» ይላት ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ቆማ አቧራ ስትጠጣ ማየት ስላልቻልኩ፣ እሱ የጀመረውን ልጨርስለት ብዬ በጭነት መኪና አስጭኜ ወደዚህ አመጣኋት። ቦዲ ሠሪው ዙሪያዋን ሁለት ሦስቴ ዞሮ አያትና፣ አባቴ የቀባው ሁሉ ወርዶ እስከ ባዶ ብረቱ ካልተፋቀ ሥራው ሥራ እንደማይሆን ነገረኝ። እሺ አልኩት። ባዶ ብረት ሲል ግን ልቤ ገርጂ ሄዶ ነበር።

ያደግኩት ገርጂ፣ ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ ምንም የማይቀረው በሚመስልበት ሰፈር ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል፤ እማዬ እየተቆጣችን ከነበረ አፏን ከፍታ ትጠብቅና፣ ድምፁ እንደራቀ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች፣ አንዲት ፊደል አትዘልም። ቤታችን የጭቃ ሆኖ በቆርቆሮ አጥር የተከበበ ነበር፣ ግቢው መሐል አንድ የኮክ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ጣሊያኗ። አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ቢሮው እርሳስ እንኳ ሳያስፈርም አይሰጥም ይሉታል፤ ቤቱ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከኮቱ ጋር ይወልቃል። ብሎኖቹን በዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅምና ጣሳውን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል፣ ከዚያ ሁላችንንም ተጠርጣሪ ያደርገናል።

የጣሊያኗ ሞተር ነክሶ ቀጥ ያለው ከዘመድ ሠርግ ስንመለስ፣ ቦሌ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው። እየተገፋች ቤት ገባች፤ ለመለዋወጫ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ ተጠየቀ፤ የለም። በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠው ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ነበር። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ነው፣ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ደሴ አውቶቡስ የሚነዳ፤ የግራ እጁ የቀለበት ጣት በአውቶቡስ በር ተቆርጦ ግማሹ ብቻ የቀረ፣ እኛን ልጆቹን «ግማሹን ጅብ በላው» እያለ የሚያስፈራራን።

«ሀብቴ፣ የጣሊያን ሞተር ስትፈልግ ጡረታህ ይደርሳል» አለው አባቴን። «የጃፓን እንግጠምላት። ወላሂ ከቀድሞዋ ትበልጣለች።»

ከተጋጨ ሚኒባስ የወጣ የጃፓን ሞተር በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በጋሽ ሰይድ አውቶቡስ ዕቃ ማስቀመጫ ተጭኖ መጣ። ያን ቀን ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። አባቴ ግን ሞተሩን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ አዲስ ሞተር በተላላጠ ቀለም ውስጥ አይገባም ብሎ ወሰነ። ጎማዋንና እግሯን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ቀለሟን በብርጭቆ ወረቀትና በመፋቂያ ያወርደው ጀመር። ክሬሙ ሲነሳ ሰማያዊ ወጣ፣ ከሰማያዊው ሥር ማንም ያላወቀው ጥቁር አረንጓዴ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ አዲስ ድስት የመሰለ ነጭ ብረት። እማዬ ከኩሽና ብቅ ብላ አይታ «ራቁቷን አስቀራት እኮ!» አለችና ሸራ ልትፈልግ ገባች።

ባዶ ብረት አየር ብቻውን ይበላዋል፣ የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ አለ። አባቴ ብየዳው ሳያልቅ ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ አንቲረስቱን፣ አልቀባም አለ፤ ብየዳው መብራት ይጠብቃል፣ መብራቱ ሲመጣ በያጁ የለም፣ በያጁ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። እስከዚያው ጋሽ ሰይድ ከአውቶቡሱ የወረደውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን ያመጣልናል፣ እኛም በየምሽቱ ከእራት በፊት ጣሊያኗን ዘይት እንቀባታለን። አባቴ ጣሪያዋንና ኮፋኖዋን፣ እማዬ እያጉረመረመች የቀኙን ጎን፣ እኔ ከኋላ በግራ በኩል ጎማውን የሚያለብሰውን ብረት፣ መከዳውን፤ ያ የእኔ ድርሻ ነበር፣ ማንም አይነካብኝም። የጋሽ ሰይድ ልጆች ሲመጡ ደግሞ በሮቹ ለእነሱ ይሰጣሉ። የኮክ ቅጠል ይረግፍና ዘይቱ ላይ ይጣበቃል፣ አውሮፕላን ያልፋል፣ እጃችንን በአመድ አሽተን ታጥበን እንቀርባለን፤ እንጀራው ሁሉ ትንሽ ትንሽ የዘይት ጣዕም ነበረው። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደቆየን ዛሬ መናገር አልችልም። ለእኔ ልጅነቴን ሙሉ ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ በሰፈራችን መንገድ ሊያልፍ ነው ተባለ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፣ ቀጥሎ አጥራችን ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ፣ ቀጥሎ ቀኑ ተነገረን። ለእኛ ጎሮ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን፤ ለሌላው ለሌላው ደግሞ ሌላ ሌላ ቦታ። ሰው ቆርቆሮውንና መስኮቱን እየነቀለ ሲጭን አባቴ ጣሊያኗን ይዞራል። ጎማ የላት፣ እግር የላት፣ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው ቅያስ ደግሞ መሐሉን ቦይ የቆረጠው ስለሆነ የማንሻ መኪና አይገባም። ቀኑ ከደረሰና እዚያው ከተገኘች ዶዘሩ ከግድግዳው ጋር ጠቅልሎ ይወስዳታል። አባቴ ሳያውቅ እንኳ የሚያውቅ መስሎ የሚናገር ሰው ነበር። ያን ሰሞን ግን ማታ የኮኩ ግንድ ላይ ተደግፎ ቁጭ ብሎ እጆቹን ሲያያቸው አየሁት፣ እናም ፈራሁ። አባት የሚያደርገው ሲያጣ ልጅ የምትይዘው ነገር የለም።

«በቃ ተዋት» አለ መጨረሻ ላይ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ።

ያን ሁሉ ጊዜ «ይሄ ብረት» ከማለት በቀር በስሟ ጠርታት የማታውቀው እማዬ ናት የተነሳችው። «እንዴት ተደርጎ! በዚህ እጄ ስቀባት ከርሜ?» አለች፣ ነጠላዋን መታ አድርጋ ወደ ዕድሩ ዳኛ ቤት ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ሰፈሩ መጣ። ጋሽ ሰይድ የላምበረት ተራውን ለሌላ ሹፌር ለቅቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከፊት ነበር። አባቴ፣ ስንት ዘመን ሰው እንዳይደገፈው ሲቆጣለት የኖረውን አጥር በገዛ እጁ ገነጠለው። ወንዶቹ ግራና ቀኝ ተደረደሩ፣ አንዱ ቢስሚላህ አለ፣ ሌላው በሥላሴ ስም አለ፣ ጣሊያኗ ከድንጋዩ ተነሳች፤ ወዲያው ደግሞ ከእጃቸው ሙልጭ ብላ ተመለሰች። ያን ሁሉ ምሽት የቀባናት ዘይት! አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። እማዬ ወደ ኩሽና ሮጣ አመድ በሰፌድ ይዛ ወጣች፤ ሌሎቹም ሴቶች ከየቤታቸው፣ ዕቃው ከወጣላቸው ባዶ ኩሽናዎች፣ አመድ ይዘው መጡ። ወንዶቹ መዳፋቸውን አመድ ነክረው እንደገና ያዙ።

«አብሽር ሀብቴ፣ አንተ ከፊት ሁነህ መንገዱን እይ!» አለ ጋሽ ሰይድ፣ ግራ መዳፉን የእኔ ድርሻ በሆነው መከዳ ላይ ለጥፎ። ቅያሱን ሲወርዱ፣ ቦዩን ሲሻገሩ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ሲተካ፣ እኛ ልጆች ከኋላ ስንጮህ፣ አባቴ ከፊት ወደ ኋላ እየተራመደ እጆቹን ዘርግቶ ይመራል። እያለቀሰ ነበር፣ አመዱን አመካኘ። አስፋልቱ ዳር የምትጠብቀው የጭነት መኪና ላይ ሲያወጧት ሁሉም ከግንባር እስከ እግሩ በዘይትና በአመድ ጠቁሮ ነበር። ያ ሰፈር ሙሉውን አንድ ላይ የቆመበት የመጨረሻ ቀን መሆኑን ማንም አላሰበም።

ጎሮ ከገባን ጥቂት ቆይቶ ብረቷ ላይ ነገር ታየ። ያ ሁሉ ላብና አመድ የነካት ቦታ ዝጎ፣ ዝገቱ መዳፍ መዳፍ ሆኖ ወጣ። ከበሩ ሥር፣ ከጎኗ፣ ከኋላዋ፤ አምስት ጣት፣ ሰፊ መዳፍ፣ ጠባብ መዳፍ። እማዬ ጎንበስ ብላ ይሄ የእከሌ ነው፣ ይሄ የእከሌ ነው እያለች ትገምታለች። የእኔ መከዳ ላይ ያለው ግን ግምት አያስፈልገውም፤ የቀለበት ጣቱ ግማሽ ነበረ። አባቴ ሌላውን ሁሉ እንደገና ፈቅፍቆ አጸዳ። ዝገት ሳይነሳ እንደማይቀባ ከማንም በላይ ያውቃል። መዳፎቹ ጋ ሲደርስ ግን ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠና አንቲረስቱን በላያቸው ላይ ቀባ።

የጃፓኑ ሞተር እንደምንም ተገጠመ። ኮፋኖዋ አልዘጋ ብሎ በገመድ ታሰረ፤ ጩኸቷን የሚያፍን ማርሚታ ስላልነበራት የተነሳች ቀን የአራቱም ፎቅ ሰው በረንዳ ላይ ወጣ፣ ከፊሉ ሊያጨበጭብ፣ ከፊሉ ሊሳደብ። እስከ ዘበኛው በር ሄዳ ተመለሰች፤ የሄደችው እሱን ብቻ ነው። አባቴ ቀስ ብሎ እጨርሳታለሁ ሲል መጀመሪያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ትንፋሹ ከዳው። በኋላ በኋላ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ቁልቁል ያያት ነበር፣ ደረጃውን ወርዶ ሊነካት አይችልም።

የገርጂ ሰዎችም እንዲሁ ከእጃችን ወጡ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ነበር፣ ከዚያ በበዓል ስልክ፣ ከዚያ የማይነሳ ስልክ። ዕድሩ ፈረሰ። ጋሽ ሰይድ ወደ ወሎ ተመልሶ እዚያው አረፈ፤ የሰማነው ከተቀበረ በኋላ ነው። አባቴ ያን ቀን ደግፉኝ ብሎ ወረደ፣ መከዳው ላይ እጁን አስቀምጦ ቆየ፣ ደግፈን መለስነው።

አባቴ ሲሞት ሊፍት የለም። ደረጃው መታጠፊያው ላይ ይጠባል፣ ሳጥኑ መቆም አለበት፣ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ዘመዶቻችን አርጅተዋል። ከጎን ካለው ግንባታ ሠራተኞች ተለምነው መጡ፤ ጨዋ ልጆች ነበሩ፣ ቆባቸውን አውልቀው በጥንቃቄ አወረዱት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዱ ዞር ብሎ በቀስታ «እህቴ፣ ሟቹ ማን ነበሩ?» አለኝ። መኪናው መውጫ ያጣች ቀን ሰፈር የተሸከመለት ሰው ነው ልበለው?

ይኸው አሁን ጎሮ ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ቦዲ ሠሪው የአባቴን ቀለም አውርዶ፣ ባዶውን ብረት በዘይት ወልውሎ ጠራኝ። «እህቴ፣ ነይ እስኪ እይው። አባትሽ ሌላውን አሳምረው ሠርተው ይቺን ይቺን ሳይፍቁ ነው የቀቡት። ውስጥ ውስጡን እየበላ ነው።» ጎንበስ አልኩ። መዳፎቹ ጠቁረው፣ ብረቱ ውስጥ ሰምጠው አሉ። የግማሽ ጣቱም አለ።

«ቢቀርስ?» አልኩት።

«ከቀረ በስቶ ይወጣል። መኪናዋን ትፈልጊያታለሽ አይደል?»

ጨርቁን ተቀበልኩትና የድሮ ድርሻዬን እንደገና ዘይት ቀባሁ፤ ቀጥዬ እጄን ዝገቱ ላይ አስቀመጥኩ። የጋሽ ሰይድ መዳፍ ከእኔ ይሰፋል። ብተወው መኪናዋን ይበላታል፤ ባስፍቀው እነዚያ ሰዎች አንድ ላይ ለመቆማቸው ሌላ ምስክር የለኝም። አባቴ ይህን እያወቀ ነው ብሩሹን ያነሳው፤ እኔ ግን ስትበላ እያየሁ ለመተው የእሱን ያህል አቅም የለኝም።

«ፋቀው» አልኩት።

ግራይንደሩ ሲጮህ ቆሜ ማየት ስላልቻልኩ ወጣሁ። እጄ በዘይትና በዝገት ቀልቷል። አጠገቡ ካለችው ሱቅ ሄጄ እጄን የማሽበት አመድ ካለ ብዬ ጠየቅኩ። ልጅቷ ምን እንደፈለግኩ አልገባትም፤ ደግሜ ነገርኳት። እዚህ አካባቢ አመድ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም አለችኝና ሶፍት ሰጠችኝ።