የብርቱካን ለስላሳው ጠርሙስ

በዚያ ቅዳሜ በአሌክሳንድሪያው አፓርታማችን አባቴ፣ እናቴ፣ የንስሐ አባታችንና የአሥራ ሰባት ዓመቱ እኔ ነበርን።

ያን ቀን ያስታወሰኝ ዛሬ ከዚያ ብዙም በማይርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ያየሁት የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ባለሱቁ፣ አልኮል በአገሩ ሕግ በተከለከለበት ዘመን ሰዎች በእንዲህ ያለ ጠርሙስ መጠጥ ይደብቁ እንደነበር እየሳቀ አጫወተኝ። እኔ አልሳቅሁም።

በእኛ ቤት ከልካዩ ግዝት ነበር። ቄሱ አባቴን ከመጠጥ ገዝተውታል፤ እናቴም ግዝቱን ካፈረሰ አብራው እንደማትኖር ምላለች። አባቴ የብርቱካን ለስላሳ ይዞ ተቀምጧል።

«ለስላሳ ጠጥቶ ዓይኑ የሚቀላ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች እናቴ።

«ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ?» አላት።

ቄሱ ጠርሙሱን ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ።

«እኔ ጾመኛ ነኝ። አንተ ቅመስና እውነቱን ንገረን፤ ያልከውን አምናለሁ።»

አረቄው ጉሮሮዬን ለበለበው። አባቴ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

«ለስላሳ ነው፣ አባ» አልኩ።

እናቴ ተጠግታ ትንፋሼን አሸተተች። «አንተም?» ብላ ካፖርቷን አንሥታ ወጣች። ቄሱ ተከተሏት፤ በሩ ላይ ዞር ብለው «እሱ ግዝት አፈረሰ፤ አንተ ግን እናትህን ካድህ» አሉኝ።

አባቴ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ ጨለጠው። «ጎበዝ» አለኝ።

ከአራታችን በቤቱ የቀረነው ሁለት ነበርን።